«ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» ለሚሉሽ

«ሰላም ለእርስዎ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰሞኑን ርእሰ መምህራችን አዲስ ሐሳብ አመጡ። ላይብረሪው ይዘጋ፣ ክፍሉ የኮምፒውተር ክፍል ይሁን፣ መጻሕፍቱም ለሚፈልግ ይሰጡ ይላሉ። ‹ተማሪው የሚፈልገውን ከስልኩ ያገኛል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ ጠይቆ መልሱን ይወስዳል› ነው የሚሉት። ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜም ያንኑ ይደግምልኛል። ‹ሙያሽ አብቅቶለታል፣ ሌላ ነገር ተማሪ› ይለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። እኔም እንድናገር ዕድል ተሰጥቶኛል። ለመጻሕፍት ያለኝን ፍቅር ብቻ ይዤ መግባት ፈራሁ። እውነቱን ይንገሩኝ። ላይብረሪ ዛሬም ያስፈልጋል? ወይስ መተዳደሪያዬ ስለሆነ ነው የሙጥኝ ያልኩት? ምን ብዬስ ልናገር?»

ግራ የገባኝ

እህቴ፣

ቀጥተኛውን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። አዎ፣ ላይብረሪ ዛሬም ያስፈልጋል። የሙጥኝ ያልሽውም መተዳደሪያሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ደሞዙን ብቻ የሚያስብ ሰው «እውነቱን ይንገሩኝ» ብሎ አይጽፍም።

ፍርሃትሽ ግን ልክ ነው። ስለ መጻሕፍት ፍቅር፣ ስለ ወረቀት ሽታ፣ ስለ ድሮ ትዝታ ተናግረሽ ብትቀመጪ ኮሚቴው በአክብሮት ያዳምጥሽና ክፍሉን ይዘጋዋል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ከተናገሩት ውስጥ እውነት የሆነውን መጀመሪያ ተቀበዪላቸው። የአንድን አገር የሕዝብ ብዛት ወይም የአንድን ጦርነት ዓመት ለማወቅ ከእንግዲህ ማንም ኢንሳይክሎፒዲያ ሊገልጥ ላይብረሪ አይመጣም። መምጣትም የለበትም። ላይብረሪ መረጃ የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ይህን ለመካድ ከሞከርሽ ቀጥሎ የምትናገሪውንም አያምኑሽም።

ታዲያ ምን ቀረ? እኔ የማምነውን ልንገርሽ። ዛሬ ያጠረን መረጃ አይደለም። ያጠረን ለመረጃው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። ማን ጻፈው? መቼ? ከየት አምጥቶ? የዛሬ አምስት ዓመት ብፈልገው አገኘዋለሁ ወይ? ስህተት ሆኖ ቢገኝስ ማንን ልጠይቅ? ላይብረሪ ማለት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሰው ሥራዬ ብሎ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስብሰባው ላይ የምትከራከሪው ለዚህ ሥራ ነው እንጂ ለመደርደሪያው አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ስላነሱት ከእሱ እንጀምር። በ2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መንገደኛ አየር መንገድ ከሶ ነበር። ጠበቆቹ ለፍርድ ቤቱ ያስገቡት ጽሑፍ ቀደም ሲል የተሰጡ ውሳኔዎችን ይጠቅሳል። የባለጉዳዮቹ ስም አለ። የመዝገብ ቁጥር አለ። ከውሳኔው ውስጥ የተወሰደ ቃል ሳይቀር አለ። የአየር መንገዱ ጠበቆች ውሳኔዎቹን ቢፈልጉ አጧቸው። ፍርድ ቤቱም ፈልጎ አጣቸው። ለካስ ውሳኔዎቹ ከነጭራሹ የሉም። ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው የፈጠራቸው። ከጠበቆቹ አንዱ ደግሞ ተጠራጥሮ «እነዚህ ጉዳዮች እውነተኛ ናቸው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «አዎ» አለው። ፍርድ ቤቱ ጠበቆቹን 5,000 ዶላር ቀጣቸው።

ይህን ታሪክ ለኮሚቴው ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸው ግን ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይሁን። ጠበቃው መጠራጠሩ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ ጥርጣሬውን ይዞ የሄደው ወደዚያው ወደ አጠራጠረው ምንጭ መሆኑ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከቀደመው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። ስለዚህ በእርግጥ ያለን መጽሐፍና ሊኖር የሚችል የሚመስልን መጽሐፍ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይጽፉልሻል። ርእሱ ያምራል። ደራሲው የታወቀ ነው። መጽሐፉ ግን የለም።

አንቺም ይሄ ገጥሞሽ ይሆናል፣ ካልገጠመሽም ይገጥምሻል። ተማሪ የመጻሕፍት ዝርዝር ይዞ ይመጣል፣ ትፈልጊያለሽ፣ አታገኚውም። «ይህ መጽሐፍ እኛ ጋ የለም» ማለት ቀላል ነው። «ይህ መጽሐፍ ከናካቴው አልተጻፈም» ብሎ በድፍረት ለመናገር ግን ካታሎግ ማንበብ የሚችል፣ የሌሎች ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግም መፈተሽ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ሥራ እምብዛም አያስፈልግም ነበር። አሁን በየሳምንቱ የሚያስፈልግ እየሆነ ነው። እንግዲህ አዲሱ ቴክኖሎጂ ሥራሽን አልቀነሰውም፣ ጨመረብሽ እንጂ።

ቀጥሎ «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለውን ውሰጂው። ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛው፣ ሁሉም የለም። ሁለተኛው፣ ያለውም አይቆይም።

ጎግል በ2004 መጻሕፍትን በብዛት ወደ ዲጂታል መገልበጥ ሲጀምር መጻሕፍቱን ከየት እንዳመጣ ኮሚቴውን ጠይቂ። ከላይብረሪ ነው። ሃርቫርድ፣ ሚሺጋን፣ ስታንፎርድ፣ ኦክስፎርድና የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው እያወጡ ነው የሰጡት። እነዚህ ተቋማት ለዘመናት ገዝተው፣ መዝግበው፣ ከእሳትና ከውሃ ጠብቀው ባያቆዩ ኖሮ ጎግል የሚገለብጠው ነገር ባልነበረ። ከተገለበጡትም ውስጥ ብዙዎቹ የቅጂ መብታቸው ስላላበቃ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚታየው። የምርምር ጽሑፎች ላይም እንዲሁ ነው። ተማሪው ርእሱን ፈልጎ ያገኘዋል፣ አጭር መግለጫውን ያነባል፣ ገጹን ሲከፍት ደግሞ «ክፈል» ይለዋል። ብዙ ላይብረሪዎች ያንን ክፍያ በአንባቢዎቻቸው ስም ይከፍላሉ፤ ወይም በነፃ የተለቀቀው ቅጂ የት እንዳለ የሚያውቅ ባለሙያ አላቸው።

አለመቆየቱን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቁጥር ያዢ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ አይከፈቱም። አሥር ዓመት ማለት አንድ ልጅ አንደኛ ደረጃ ገብቶ ሁለተኛ ደረጃን የሚያጋምስበት ጊዜ ነው። ማይስፔስ በተባለው የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ላይ ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ ዘፈኖች በሰርቨር ዝውውር ምክንያት መጥፋታቸው የታወቀው በ2019 ነው። ሙዚቀኞቹ ሥራቸው እዚያ ተቀምጧል ብለው ነበር። አስቀማጭ ነኝ ያለ ግን አልነበረም።

ይህ ችግር የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይቀር ነክቷል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ፍርድ ቤቱ በውሳኔዎቹ ውስጥ የጠቀሳቸውን ሊንኮች ቢፈትሹ ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ የተጠቀሰውን ነገር አያሳዩም። የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ከጠቀሳቸው ምንጮች ብዙዎቹ በተጠቀሱበት ቦታ የሉም ማለት ነው። መፍትሔ ሊፈልግ የተነሳው ማን ነው? የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። የተጠቀሰውን ገጽ ቅጂ ወስዶ በቋሚነት የሚያስቀምጥ አገልግሎት ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጋር አቋቋመ። የጠፉ ድረ ገጾችን ለማየት ሁላችንም የምንሮጥበት ኢንተርኔት አርካይቭም በ1996 ሲመሠረት ራሱን ያየው እንደ ላይብረሪ ነው። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት አይደለም። ኢንተርኔቱ ራሱ ላይብረሪ አስፈልጎታል።

ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍም በአጭሩ ልንገርሽ፤ «መጻሕፍቱን በዲጂታል እንተካቸዋለን» የሚል ሰው በእርግጠኝነት ይነሳልና። ዲጂታል መጽሐፍ ጥሩ ነገር ነው። ፊደሉ ይጎላል፣ ለማየት የተቸገረ ያነበዋል፣ ቦታ አይዝም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትገዢው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃዱን ነው። አማዞን በ2009 ኪንድል ለተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው የሸጣቸውን አንዳንድ መጻሕፍት ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ሳያስፈቅድ አጥፍቶ ብዙ ቁጣ ተነስቶበት ነበር። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ ደግሞ በ2011 ለላይብረሪዎች የሚሸጠው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንዲዘጋ ወሰነ። መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ ግን ማንም ከሩቅ ሆኖ አይዘጋውም። ስለዚህ «ዲጂታል እንግዛ» ሲሉ «እሺ፣ ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ካልታደሰ ምን ይቀረናል?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ የእልህ ጥያቄ አይደለም። ገንዘብ ያዡም ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከተሰጠኝ ጊዜ ግማሹን እዚህ ላይ አጠፋው ነበር።

ልጆቹ ስልክ ይዘው ስላደጉ መረጃ መለየት ያውቃሉ ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ስፖንሰር የተደረገ» ተብሎ የተጻፈበትን ማስታወቂያ ዜና ነው ብለው አመኑ። ጽሑፉ እዚያው ላይ ነበር። አንዳንዶቹም አንብበውታል። ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አላስተማራቸውም።

በቀጣዩ ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች የበለጠ የሚያስገርም ነገር አገኙ። 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 የመረጃ አጣሪዎች (የተጻፈው እውነት መሆኑን መፈተሽ ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች) እና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች አንዳንድ ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ተሰጣቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ድርጅቶች ነበሩ። አንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ዋናው ማኅበር ነው። ሌላው ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ትንሹን ቡድን ይበልጥ ታማኝ አድርገው ወሰዱት። ገጹ ያማረ ነበር። ምንጭ ይጠቅሳል፣ አርማ አለው፣ ቋንቋው የሳይንስ ነው። ምሁራኑም አንዳንዶቹ ተሸውደዋል። መረጃ አጣሪዎቹ ግን አልተሸወዱም። ለምን? ገጹን ብዙም አላነበቡትም። ሌላ ገጽ ከፍተው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሌሎች ስለ እነሱ ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረሱበት።

ይህ ልማድ በትምህርት የሚመጣ ነው። ታዲያ ማን ያስተምረው? የታሪክ አስተማሪው ታሪክ ያስተምራል። የኮምፒውተር አስተማሪው ስለ ኮምፒውተር ያስተምራል። ምንጭን መመዘን ከጥንትም የላይብረሪ ባለሙያ ሥራ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚመኙት የኮምፒውተር ክፍል ቢከፈትና አንቺ ባትኖሪ፣ ተማሪዎቹ በፍጥነት የሚሳሳቱበት ክፍል ነው የሚሆነው። ይህን በዚህ ቃል ባትናገሪው ይሻላል፣ ሰው ይከፋል። ሐሳቡ ግን ይግባቸው።

እንዲያውም ከስብሰባው በፊት አሳዪያቸው። አንድ አስተማሪ ለምኚና አንድ ክፍለ ጊዜ ውሰጂ። ሁለት ድረ ገጽ አቅርቢ፣ አንዱ የታመነ፣ ሌላው አምሮ የተሠራ ግን ከጀርባው ማን እንዳለ ሲታይ የሚያጠራጥር። ተማሪዎቹ የትኛውን እንደሚያምኑ እጅ ያውጡ። ቁጥሩን ጻፊው። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፍቶ መጠየቅን አሳዪያቸውና ደግመው እጅ ያውጡ። ያቺን ሁለት ቁጥር ይዘሽ ኮሚቴ ፊት ቅረቢ። የስታንፎርድ ጥናት ይደነቃል፣ የራሳቸው ልጆች ውጤት ግን ያሳስባቸዋል።

ስልክ ስለሌላቸው ወይም ቤታቸው ውስጥ ጸጥ ያለ ጥግ ስለሌላቸው ልጆች ብዙ አላብራራልሽም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ በየቀኑ ስትዘጊ የመጨረሻዎቹ ሆነው የሚወጡት እነሱ ናቸው። «ሁሉም ስልክ ላይ አለ» የሚለው አባባል ሁሉም ሰው ስልክ፣ ዳታና የማጥኛ ቦታ አለው ብሎ የሚነሳ ነው። ይህን ብቻ በያቸው።

ግን አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ፣ እሱን አንሺው። አንድ ልጅ ስልኩ ላይ ከሚፈልገው ነገር አብዛኛው ይመዘገባል። ስለ ሕመሙ ቢጠይቅ፣ ስለ ወላጆቹ ፍቺ ቢያነብ፣ መረጃው ማስታወቂያ ለሚሸጥ ድርጅት ይጠቅማል። ላይብረሪ ውስጥ አንብቦ መልሶ ቢያስቀምጠው ግን ማንም አያውቅም። ይህ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፣ የሙያው ሥነ ምግባር ነው። በ2005 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኮኔቲከት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ማን እንደተጠቀመ የሚያሳይ መዝገብ ጠየቀ። ስለ ጥያቄው ለማንም እንዳይናገሩም አዘዘ። አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አንሰጥም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2006 ቢሮው ጥያቄውን ተወው። ለአንባቢው ምስጢር እንዲህ የቆመ የፍለጋ ድርጅት ማግኘት ከባድ ነው።

እንግዲህ ስለ ክፍሉ እንነጋገር። «ኮምፒውተር አይግባ» እንዳትዪ አደራ። በዚህ ከተከራከርሽ ትሸነፊያለሽ፣ መሸነፍም ይገባሻል። ኮምፒውተሮቹ ላይብረሪው ውስጥ ይግቡ በዪ። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ያለውን፣ ኦዲ የተባለውን ላይብረሪ ምሳሌ አድርጊ። ፊንላንድ ኢንተርኔት ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሁሉም ስልክ ላይ ካለ ላይብረሪ የማያስፈልጋት አገር እሷ በሆነች ነበር። ግን በ2018 መጨረሻ በዋና ከተማዋ መሃል፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ ትልቅ አዲስ ላይብረሪ ከፈተች። ከላይኛው ፎቅ ላይ 100,000 ያህል መጻሕፍት አሉ። መሃል ላይ ስቱዲዮ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ባለ ሦስት አውታረ መጠን (3D) ማተሚያ፣ የቡድን መሥሪያ ክፍሎች አሉ። ታች ሰው ይሰበሰባል። የእናንተ ትምህርት ቤት ኦዲን አይሠራም። ሐሳቡን ግን መውሰድ ይችላል፤ መጽሐፍና ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ መሃላቸው የሚረዳ ሰው።

ቦታ ይጠብባል ካሉሽ መጻሕፍት ለመቀነስ ራስሽ ፈቃደኛ ሁኚ። ይህ ሊያምሽ ይችላል። ነገር ግን ለዓመታት ማንም ያልነካው፣ ሳይንሱ ያለፈበት፣ ካርታው የተለወጠ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መቆየቱ ላይብረሪውን ነው የሚጎዳው። የጠፈር ሳይንስ መጽሐፍሽ ፕሉቶን አሁንም ዘጠነኛ ፕላኔት አድርጎ የሚያስተምር ከሆነ አውጪው፤ ያ ከ2006 ጀምሮ ተለውጧል። የሚወጣውን አንቺ ምረጪ፣ በምክንያት ምረጪ፣ ዝርዝሩን ጽፈሽ አስቀምጪ። ያለ ምርጫ «ለሚፈልግ ይሰጡ» ከተባለ መጀመሪያ የሚሄዱት የሚያስፈልጉት ናቸው።

ወጪ ካነሱም መልስ አለሽ። ኮሃ የተባለው የላይብረሪ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 በነፃ የተለቀቀ ነው። ካታሎግሽን፣ ውሰቱን፣ መዝገቡን ሁሉ ይይዝልሻል። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊኪፒዲያን በሙሉ አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ማድረግ ትችያለሽ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ1971 ጀምሮ የቅጂ መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በነፃ ይለቃል። እነዚህን አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነሽ ለኮሚቴው ብታሳዪ፣ ከወሬ ይልቅ ይሠራል።

ንግግርሽን በተመለከተ፣ የመጻሕፍት ብዛት ወይም የተዋሱ መጻሕፍት ቁጥር ይዘሽ አትግቢ። ያ ቁጥር በብዙ ቦታ እየቀነሰ ነው። አንቺ ጋም ቀንሶ ከሆነ ራስሽ ላይ ማስረጃ ታቀርቢያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዢ። የሚመጣልሽን እያንዳንዱን ጥያቄ ጻፊ። ስም አትጻፊ፣ የክፍል ደረጃው ይበቃል። ምን ፈለገ? ስልኩ ላይ ፈልጎ ነበር? ምን አግኝቶ ነበር? አንቺስ የት ላክሽው? በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ገጽ ይሞላል። ከእነሱ መካከል ሦስት ወይም አራት ምረጪና ልክ እንዳለ አንብቢላቸው።

ራንጋናታን የተባለ ሕንዳዊ ነበር። የሒሳብ መምህር ነበር፣ በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ፣ በ1931 ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሙያ እስከ ዛሬ የሚጠቅሳቸውን አምስት ሕጎች አወጣ። አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ ይላል። ኢንተርኔት ሳይታሰብ የተጻፈ ነው፣ ግን ለዛሬ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ቃል ፈልገሽ ሚሊዮን ውጤት ሲመጣልሽ ጊዜ የሚቆጥብልሽ «እነዚህን ሦስቱን አንብቢ» የሚልሽ ሰው ነው። ደብተርሽ ይህን ያሳይ።

ብቻሽንም አትናገሪ። አንድ አስተማሪ ይደግፍሽ፤ የሚቻል ከሆነ የሳይንስ ወይም የሒሳብ አስተማሪ ይሁን፣ የቋንቋ አስተማሪ እንደሚደግፍሽ ሁሉም ይገምታልና። አንድ ተማሪም በራሱ አንደበት ይናገር። አንቺ ያዘጋጀሽለትን ሳይሆን የራሱን።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ አትቆጪው። ስለሚያስብልሽ ነው የሚናገረው። ግማሹም እውነት ነው፤ መማር አለብሽ። ሙያሽን ትተሽ ሌላ ነገር ተማሪ ማለቱ ግን አይታየኝም። በሙያሽ ላይ ጨምሪ። ዳታቤዝ ውስጥ በጥራት መፈለግን፣ ዲጂታል ሰነድ ማስቀመጥን፣ እነዚህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚሠሩና የት እንደሚሳሳቱ ተማሪ። ተማሪዎችሽ ሲጠቀሙባቸው «ተዉ» ብቻ የምትዪ አትሁኚ። አብረሻቸው ተቀምጠሽ መልሱን የምትፈትሺ ሁኚ። ለመነሻ ሐሳብ፣ ከባድ አንቀጽን ለማቅለል ጥሩ ናቸው። ጥሩ የሆኑበትን የምታውቅ ሰው «እዚህ ላይ ግን አትመኑት» ስትል ይሰሟታል።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ ብለሽም ኮሚቴው ይዘጋ ሊል ይችላል። ያኔ አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለው። የቆዩ የተማሪዎች መጽሔቶች፣ የምረቃ መጽሐፎች፣ ፎቶዎች፣ በእጅ የተጻፉ የክበብ መዝገቦች። ጎግል ላይ የሉም፣ ወደፊትም ማንም አይጭናቸውም። አስወጋጆች ደግሞ መጀመሪያ የሚጥሉት እነዚህን ነው፤ የመጽሐፍ መልክ የላቸውምና። ከስብሰባው በፊት ሰብስቢያቸው፣ ቁጠሪያቸው፣ ዝርዝራቸውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። ስብሰባው ላይ ውሳኔው ምንም ይሁን ምን የት እንደሚቀመጡና በማን ኃላፊነት እንደሚቆዩ በቃለ ጉባኤው ላይ በስም ይጻፍ በዪ። የሚረከበው ሰው ዝርዝሩ ላይ ይፈርም። አንዱን ቅጂ አንቺ ያዢው።